አራተኛው ጥያቄ

ተከታታይ የሕይወት ታሪክ (በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)

ክፍል 1፦ የምሽት ክበብ ባለቤቱ ልጅ

በ1971 መገባደጃ ኒው ዮርክ ውስጥ፣ ሚሊዮኖች ቁርሳቸውን እየበሉ በሚመለከቱት የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ አዲስ ሕግ ወጣ። ከዋሽንግተን ከባድ እንግዳ ሲመጣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጥያቄዎች ወንዱ አቅራቢ ይጠይቃል። አጠገቡ የተቀመጠችው ሴት መናገር የምትችለው ከአራተኛው ጀምሮ ነው። ሴቲቱ በዚያ ቤት አሥር ዓመት ሠርታለች። እንግዳው ምን እንደሚሸሽ፣ በየትኛው ጥያቄ እንደሚከፈት አጥንታ የምትመጣ ሴት ነች። ቢሆንም ተራዋ እስኪደርስ ዝም ብላ ትጠብቃለች።

ይህች ሴት ባርባራ ዋልተርስ ናት። ያ ሕግ እሷን ምን እንዳደረጋት፣ እሷም ሕጉን ምን እንዳደረገችው ለመረዳት ሃያ ዓመት ወደ ኋላ ተጉዘን፣ አንዲት የቢሮ ጸሐፊ ጠረጴዛ ዘንድ መድረስ አለብን።

ባርባራ ሴፕቴምበር 25 ቀን 1929 በቦስተን ተወለደች። አባቷ ሉ ዋልተርስ የምሽት ክበብ ሰው ነበር። በ1937 በቦስተን፣ በ1942 ደግሞ በኒው ዮርክ «ላቲን ኳርተር» የተባለውን ዝነኛ ክበብ ከፈተ። ዘፋኙም ቀልደኛውም ዳንሰኛዋም በዚያ መድረክ ያልፉ ነበር። ልጅቷ ከመጋረጃው በስተጀርባ ሆና ታያቸዋለች። መድረክ ላይ የሚያበሩት ሰዎች ወርደው ሲቀመጡ እንደ ማንኛችንም የሚደክማቸው፣ የሚፈሩና የሚያዝኑ መሆናቸውን ገና በልጅነቷ አወቀች። ዝነኛ ሰው ፊት ስትቀመጥ የማትደነግጠው በዚያ አስተዳደግ የተነሣ ነው።

በቤቱ ግን ሁለት ጭንቀት ነበር። አባት ቁማር ይወዳል፤ ዛሬ ሀብታም፣ ነገ ባለ ዕዳ ነው። ሦስት ዓመት የምትበልጣት እህቷ ጃኪ ደግሞ የአእምሮ እድገት ውስንነት ነበረባት። አንድ ቀን አባትና እናት ሲደክሙ የእህቷ ኃላፊነት በእሷ ላይ እንደሚወድቅ ባርባራ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀው ነበር። ስለዚህ ሥራ ለእሷ የትርፍ ጊዜ ጉዳይ ሆኖ አያውቅም።

በ1951 ከሳራ ሎረንስ ኮሌጅ በእንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ተመረቀች። በዚያ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ዲግሪ የያዘች ወጣት ሴትን የሚጠብቃት ሥራ ብዙውን ጊዜ የጽሕፈት መኪና ነበር፤ ባርባራም በአንድ ትንሽ የማስታወቂያ ድርጅት የቢሮ ጸሐፊ ሆነች። ከዚያ የኤንቢሲ የኒው ዮርክ ጣቢያ የማስታወቂያ ክፍል ተቀበላት። ሥራዋ ጋዜጦች የጣቢያውን ዝግጅቶች ልብ እንዲሉ የሚያደርግ መግለጫ መጻፍ ነው። መግለጫው ካልሳበ ቅርጫት ይገባል። ሰው እንዲያነብልህ ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር መያዝ እንዳለብህ የሚያስተምር፣ ይቅርታ የማያውቅ ትምህርት ቤት ነበር።

በ1953 በዚያው ጣቢያ ለልጆች የሚቀርብ የ15 ደቂቃ ዝግጅት ፕሮዲዩሰር እንድትሆን ዕድል አገኘች። ዝግጅቱ «ካሜራውን ጠይቁ» ይባላል። ዳይሬክተሩ ሩን አርሌጅ የሚባል፣ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ያለ ወጣት ነበር። አንባቢ ይህን ስም በልቡ ይያዝልን፤ ከ24 ዓመት በኋላ ባርባራ መውጫ ባጣችበት ሰዓት ተመልሶ ይመጣል።

በ1955 ወደ ተፎካካሪው ጣቢያ ወደ ሲቢኤስ የማለዳ ዝግጅት በጸሐፊነት ተሻገረች። ከዚያም ቴክስ ማክራሪ በተባለ ሰው የሕዝብ ግንኙነት ድርጅት ተቀጠረች፤ የቅርብ አለቃዋ በኋላ የፕሬዚዳንት ኒክሰን ንግግር ጸሐፊ የሆነው ዊልያም ሳፋየር ነበር። እዚህ ደግሞ ጠረጴዛው ተገለበጠ። ትናንት እንግዳ የምትመርጥ የነበረችው ሴት ዛሬ እንግዳዋን እንዲቀበሉላት ፕሮዲዩሰሮችን የምትለምን ሆነች። የሥራውን ሁለቱንም ወገን አየች።

በ1958 ቤቱ ፈረሰ። አባት ላቲን ኳርተርን ትቶ አዲስ ክበብ ከፍቶ ነበር፤ አዲሱ ክበብ ከሠረ፤ የቀረ ገንዘብም አልነበረም። ሉ ዋልተርስ ከመጠን በላይ የእንቅልፍ ክኒን ውጦ ሊሞት ሞከረ። ነፍሱ ተረፈች፤ የቤተሰቡ መተዳደሪያ ግን አልተረፈም። የባርባራ የመጀመሪያ ትዳርም በዚያው ሰሞን አክትሞ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሳይሞላት አባት፣ እናትና እህት በእሷ ደመወዝ ላይ ወደቁ።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1961፣ አንድ በር ተከፈተ፤ የኤንቢሲ የማለዳ ዝግጅት «ቱደይ» ጸሐፊ ፈለገ። ያ በር ወደ ምን ዓይነት ቤት እንደሚያስገባ ለማወቅ፣ ዝግጅቱን ከጥቂት ዓመታት በፊት ከውድቀት ያዳነው ኮከብ ማን እንደ ነበር መጠየቅ ይበቃል። ኮከቡ ሰው አልነበረም።

ሳምንት ይቀጥላል።

ክፍል 2፦ ሻይ ቀጂዎቹ

ባለፈው ሳምንት፦ ባርባራ ዋልተርስ ከቢሮ ጸሐፊነት ተነሥታ፣ የአባቷ ቤት ሲፈርስ የቤተሰቡ ብቸኛ ተስፋ ሆና ወደ «ቱደይ» በር ደረሰች።

ኮከቡ ቺምፓንዚ ነበር። ስሙ ጄ. ፍሬድ ማግስ ይባላል። «ቱደይ» ጃንዋሪ 14 ቀን 1952 ሲጀመር ከማለዳው 1 ሰዓት ላይ ቴሌቪዥን የሚከፍት ሰው ይኖራል ብሎ ያመነ ጥቂት ነበር። በ1953 ማግስ በአቅራቢው በዴቭ ጋሮዌይ አጠገብ ብቅ ሲል ልጆች እሱን ለማየት ቴሌቪዥኑን ከፈቱ፤ ወላጆችም አብረው ተቀመጡ፤ ስፖንሰሮችም መጡ።

ከቺምፓንዚው ሌላ በዝግጅቱ ላይ «የቱደይ ልጅ» የምትባል ሴት ነበረች። ሴቶቹ ይለዋወጣሉ፤ መስፈርቱ ግን አይለወጥም። አንዷ የ1955 ሚስ አሜሪካ ሊ ሜሪዌዘር፣ ሌላዋ ዘፋኟ ሄለን ኦኮኔል፣ ሌላዋ ተዋናይቷ ፍሎረንስ ሄንደርሰን ነበሩ። የአየር ጠባይ ይናገራሉ፣ ስለ ፋሽን ይጨዋወታሉ፣ ወንዶቹ ሲቀልዱ ይስቃሉ። ባርባራ በኋላ ይህን ቦታ የሻይ ቀጂ ቦታ ብላዋለች። ሴቶቹ ሰነፎች አልነበሩም፤ ብዙዎቹ በየሙያቸው የተመሰገኑ ናቸው። ቤቱ ከእነሱ የሚፈልገው ያን ያህል ብቻ ነበር።

ባርባራ ወደዚህ ቤት የገባችው በኋላ በር ነው። ከጸሐፊዎቹ መካከል ለሴት የተተወው ቦታ አንድ ብቻ ሲሆን፣ ያች ሴት የምትጽፈው ለሴቶች ተብሎ የተመደበውን ክፍል ነው። ሌላ ሴት ጸሐፊ የምትቀጠረው የፊተኛዋ ስትለቅ ብቻ ነበር። ባርባራ ግን የተሰጣትን ጨርሳ ያልተሰጣትን መጻፍ ጀመረች። የእንግዳውን መጽሐፍ ታነባለች፣ የቀድሞ ንግግሮቹን ታገላብጣለች፣ ከዚያ አቅራቢው የሚጠይቀውን ጥያቄ ትጽፋለች። ከ1961 አጋማሽ ጀምሮ አቅራቢው ጆን ቻንስለር የተባለ ጋዜጠኛ ነበር። ይህንንም ስም እንያዘው፤ አንድ ቀን ከባርባራ ጋር በአንድ አውሮፕላን ውስጥ ይገናኛል።

የዚህን ሥራ ክብደት ያልሠራው ሰው አይረዳውም። ጥያቄ መጻፍ መልስን አስቀድሞ መገመት ነው። እንግዳው እንዲህ ብሎ ቢያመልጥ በዚህ ያዘው፣ በዚያ ቢዞር በዚህ መልሰው ብሎ ማሰብ ነው። ያን ሁሉ ያሰበው ሰው ግን ከካሜራው ኋላ ቆሞ፣ ጥያቄው ከሌላ ሰው አፍ ሲወጣ ያያል። አቅራቢው የተጻፈለትን ጠይቆ፣ መልሱ ያልታሰበ በር ሲከፍት ሳያየው ካለፈ፣ የጻፈው ሰው ማድረግ የሚችለው ነገር የለም።

ማርች 1962 ላይ የፕሬዚዳንቱ ሚስት ጃክሊን ኬኔዲ ወደ ሕንድና ፓኪስታን ተጓዘች። «ቱደይ» ከጋዜጠኞቹ ጋር ባርባራን ላከ። ጉዞው የሴት ጉዳይ ነው ተብሎ ስለ ታሰበ ለሴት ተሰጠ፤ እሷ ግን ዓለም አቀፍ ዘገባ እንዴት እንደሚሠራ ተምራበት ተመለሰች። ከዚያ በኋላ አልፎ አልፎ ራሷ የሠራችውን አጭር ዘገባ ራሷ ማቅረብ ጀመረች። ፊቷ ለተመልካቹ ጨርሶ እንግዳ አልነበረም፤ ወንበር ግን አልነበራትም።

በ1964 ኤንቢሲ ለሴቷ ወንበር ትልቅ ስም አመጣ። ማሪን ኦሱሊቫን ከ1932 ጀምሮ በታርዛን ፊልሞች ጄንን ሆና የተጫወተች፣ ዓለም የሚያውቃት ተዋናይት ነበረች። ይሁን እንጂ የተጻፈ ቃል አጥንቶ መጫወትና ያልተጻፈ ንግግርን በቀጥታ ስርጭት መምራት የተለያዩ ሙያዎች ናቸው። ወራት ሳይቆጠሩ ለሁለቱም ወገን እንደማይሆን ታወቀ። ተዋናይቷ ሄደች። ወንበሩ ባዶ ቀረ።

የዚያን ጊዜው አቅራቢ ሂው ዳውንስ አንድ ሐሳብ ነበረው። መልሱ ከውጭ የሚመጣ አይደለም፤ ዝግጅቱን ለዓመታት ስትጽፍ የኖረችው ሴት እዚሁ አለች አለ። አለቆቹ አመነቱ። ባርባራ ተዋናይት አይደለችም፤ የቁንጅና ዘውድ የላትም። «ር» የምትለውን ፊደል አጥርታ አትናገርም፤ በአነጋገሯም ላይ ቦስተን ይሰማል። የቴሌቪዥን ሴት እንዲህ ትሁን ብሎ ማንም አስቦ አያውቅም።

በመጨረሻ ለሙከራ ይሁን ተባለ። ስድስት ዓመት ሙሉ ሦስት ነፍስ ስትመግብ የኖረችው ሴት፣ ካልተሳካላት ወደ ቀድሞው ጠረጴዛዋ የምትመለስበት መንገድ እንኳ የተረጋገጠ አልነበረም። ከማለዳው 1 ሰዓት ላይ ቀዩ መብራት ሊበራ ነው። አሜሪካ ያን ድምፅ ትቀበለዋለች ወይስ ቴሌቪዥኑን ትዘጋዋለች?

ሳምንት ይቀጥላል።

ክፍል 3፦ ሦስቱ ጥያቄዎች

ባለፈው ሳምንት፦ ከታርዛኗ ጄን በኋላ ባዶ በቀረው ወንበር ላይ የዝግጅቱ ጸሐፊ ለሙከራ ተቀመጠች።

አሜሪካ ተቀበለችው። ተመልካቹ በማለዳ የሚፈልገው የቁንጅና ንግሥት እንዳልነበረ ታወቀ። እንግዳው የሚናገረውን የምታዳምጥ፣ ያልገባትን የምትጠይቅ፣ መጽሐፉን በእርግጥ ያነበበች ሴት ስትቀመጥ ሰዉ አብሯት ጠየቀ። «የቱደይ ልጅ» የሚለው ማዕረግም ቀረ፤ ባርባራ የዝግጅቱ ሪፖርተር ተባለች። ስም መቀየር ብቻ አልነበረም፤ ለሪፖርተር የሚሰጠው ሥራ ሌላ ነው።

እሷም ከጠረጴዛው አልተነሣችም። አቅራቢ ከሆነች በኋላም እንደ ረዳት ትዘጋጃለች። ለአንድ ቃለ መጠይቅ ብዙ ጥያቄ በትንንሽ ካርዶች ላይ ትጽፋለች፣ ያገኘችውን ሰው ሁሉ አንተ ብትሆን ምን ትጠይቀው ነበር ብላ ትጠይቃለች፣ ከዚያ ካርዶቹን እየቀነሰች፣ እያፈራረቀች ቅደም ተከተላቸውን ታበጃለች። እንግዳ ስትፈልግም በሰው አትልክም፤ ራሷ ደብዳቤ ትጽፋለች፣ እምቢ ሲሏት ደግማ ትጽፋለች። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበረው ዲን ረስክ በ1969 ሥልጣኑን ሲለቅ ሁሉም ይፈልገው ነበር፤ ያነጋገረው ግን እሷን ነው። የማስታወቂያ ክፍሉ ያስተማራት የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር፣ የሕዝብ ግንኙነት ድርጅቱ ያስተማራት ልመናና ትዕግሥት፣ ሁሉም አሁን ሥራ ላይ ዋለ። በ1970 ከማንም ሰው ጋር ስለ ማንኛውም ነገር እንዴት መነጋገር እንደሚቻል የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተመች፤ እጅግም ተሸጠ።

በ1971 ሂው ዳውንስ ለቀቀ። በእሱ ቦታ ፍራንክ ማክጊ መጣ። ማክጊ ቀልደኛ አልነበረም። የኬኔዲን ግድያ ቀን በቀጥታ ስርጭት ካስተላለፉት የኤንቢሲ ሰዎች አንዱ፣ በሙያው የተከበረ፣ ጠንካራ የዜና ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ከአንዲት ሴት ጋር ከባድ እንግዳን እኩል መጠየቅ የዝግጅቱን ክብር የሚቀንስ መሰለው። ጉዳዩን ወደ ኩባንያው ፕሬዚዳንት አደረሰ። ባርባራ ተከራከረች፤ ውጤቱም በመጀመሪያው ክፍል ያየነው ሕግ ሆነ። ሦስቱን እሱ፣ አራተኛውን እሷ።

ይህን ውርደት እንደ ቀላል ነገር አንለፈው። ቃለ መጠይቅ የሚሠራ ሰው እንደሚያውቀው መንገዱን የሚቀይሰው የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። ሦስት ጥያቄ እስኪያልፍ ድረስ እንግዳው መልሱን አደላድሎ፣ ጊዜውም ግማሽ ሄዶ ይሆናል። አራተኛውን መስጠት ያለቀ ማዕድ ላይ እንደ መጥራት ነው። በዚያ ላይ በሕግ የሚያግዳት አካል አልነበረም፤ ያገዷት አብረዋት ቡና የሚጠጡ ሰዎች ናቸው።

«ቀን እስኪያልፍ ያለፋል» ብላ ልትቀመጥ ትችል ነበር። እሷ ግን ሕጉን ደግማ አነበበችው፤ እንደ ጸሐፊ፣ ቃል በቃል። ሕጉ የሚሠራው በስቱዲዮ ውስጥ፣ ሁለቱ አብረው በተቀመጡ ጊዜ ነው። እንግዳው ወደ ስቱዲዮ ካልመጣ፣ እሷ ወደ እንግዳው ከሄደች፣ ማክጊ በዚያ የለም። የመጀመሪያውም ሁለተኛውም ሦስተኛውም ጥያቄ የእሷ ነው።

ስለዚህ ወጣች። በ1972 መጀመሪያ የፕሬዚዳንት ኒክሰን ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ኤች. አር. ሃልድማን እንዲያነጋግራት አደረገች። ሃልድማን ከጋዜጠኛ የሚሸሽ፣ በቴሌቪዥን የማይታይ ሰው ነበር። በዚያ ቃለ መጠይቅ ላይ የፕሬዚዳንቱን የቬትናም የሰላም ዕቅድ የሚነቅፉ ሰዎች እያወቁ ጠላትን እየረዱ ነው የሚል ሐሳብ ተናገረ። ሀገሩ ታወከ፤ ጋዜጦች በፊት ገጻቸው አወጡት፤ ሴናተሮች ተቆጡ። በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ ኒክሰን ወደ ቻይና ያን ታሪካዊ ጉዞ ሲያደርግ ከተከተሉት ጥቂት ሴት ጋዜጠኞች አንዷ ባርባራ ነበረች። ሊያሳንሳት የወጣ ሕግ ከስቱዲዮው አስወጥቶ ወደ ዓለም ላካት።

ማክጊ ግን ወንበሩን እንደያዘ ነው። ገና በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ስለ ነበር ለብዙ ዓመት ይቆያል ተብሎ ታስቧል። በጠና መታመሙን ለባልደረቦቹ አልነገረም። በየማለዳው እየመጣ፣ ሥቃዩን ውጦ ዝግጅቱን ይመራል። ኤፕሪል 17 ቀን 1974 በ52 ዓመቱ አረፈ።

ኤንቢሲ ኀዘኑን እንደ ገለጠ ተተኪ ሊፈልግ ተነሣ። ታስቦ የነበረው፣ ያለ ጥርጥር፣ ሌላ ወንድ ነው። በዚህ መካከል የባርባራ ወኪሎች አንድ ሰነድ አወጡ። ከኩባንያው ጋር በተፈራረመችው ውል ውስጥ፣ ማንም ልብ ያላለው፣ ይሆናል ብሎም ያልገመተው አንድ አንቀጽ ነበር።

ሳምንት ይቀጥላል።

ክፍል 4፦ አውሮፕላኑ

ባለፈው ሳምንት፦ ፍራንክ ማክጊ ድንገት አረፈ፤ በባርባራ ውል ውስጥም አንድ የተረሳ አንቀጽ ተገኘ።

አንቀጹ እንዲህ ይላል፦ ማክጊ ዝግጅቱን የለቀቀ እንደ ሆነ ባርባራ ተባባሪ አቅራቢ የሚል ማዕረግ ታገኛለች። ኩባንያው ሲፈርም ማክጊ ይለቃል ብሎ ስላላሰበ አልተከራከረም። አሁን ቀኑ ደረሰ። በቀናት ውስጥ ኤንቢሲ ባርባራ ዋልተርስ የ«ቱደይ» ተባባሪ አቅራቢ መሆኗን ይፋ አደረገ፤ በዝግጅቱ ታሪክ ይህን ማዕረግ የያዘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በቀጣዩ ዓመት የኤሚ ሽልማት ተቀበለች። ከዚያ ወዲህ በአሜሪካ የማለዳ ዝግጅት ላይ ሴትና ወንድ እኩል መቀመጣቸው የተለመደ ነገር ሆነ።

በ1976 ሌላው ተፎካካሪ ጣቢያ ኤቢሲ ያልተሰማ ነገር ይዞ መጣ። የምሽቱን ዜና ከሃሪ ሪዝነር ጋር እንድታነብ፣ በተጨማሪም በዓመት አራት ልዩ ዝግጅቶችን እንድትሠራ፤ ለአምስት ዓመት፣ በዓመት አንድ ሚሊዮን ዶላር። በአሜሪካ ዋና ዋና ጣቢያዎች የምሽት ዜና ከወንድ እኩል ያነበበች ሴት እስከዚያ ድረስ አልነበረችም። እንዲህ ያለ ደመወዝ የተከፈለው የዜና ሰውም አልነበረም። ግማሹን ገንዘብ የሚከፍለው የመዝናኛው ክፍል እንደ ነበር ልብ ያለ ጥቂት ነው። ጋዜጦቹ ስለ ገንዘቡ ጻፉ፤ ጊልዳ ራድነር የተባለች ቀልደኛ የባርባራን «ር» እየለወጠች በቴሌቪዥን አስመሰለቻት፤ ሀገርም ሳቀ።

ኦክቶበር 4 ቀን 1976 የመጀመሪያው ስርጭት ተላለፈ። ሪዝነር ባልደረባ አልፈለገም ነበር፤ ስሜቱንም መደበቅ አልቻለም። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲታዩ ብርዱ በመስታወቱ አልፎ ወደየቤቱ ይገባ ነበር፤ በኋላም ሁለቱን በአንድ ምስል ማሳየት እስከ ማቆም ተደረሰ። ድሮውንም ሦስተኛ የነበረው የኤቢሲ ዜና ሦስተኛነቱን አልለቀቀም። ሚሊዮን ዶላር ባክኖ ቀረ ተባለ። ወደ ኤንቢሲ መመለሻ የለም፤ እዚህም የሚያናግራት የለም። ልጇ ገና ትንሽ ነች፤ እህቷና ወላጆቿ እንደ ድሮው በእሷ ላይ ናቸው። ባርባራ በኋላ ስታስታውሰው ከሥራ ዘመኗ ሁሉ የከፋው ይህ ጊዜ ነበር።

በ1977 ኤቢሲ ለዜና ክፍሉ አዲስ ፕሬዚዳንት ሾመ። ከስፖርት ክፍል የመጣ፣ የኦሎምፒክ ስርጭትን የለወጠ ሰው ነው። ስሙ ሩን አርሌጅ። በ1953 የልጆቹን የ15 ደቂቃ ዝግጅት ዳይሬክት ያደርግላት የነበረው ያ ወጣት!

አርሌጅ ሌሎች ያላዩትን አየ። ባርባራን የተጻፈ ዜና እንድታነብ ማስቀመጥ ችሎታዋን መቅበር ነው። የእሷ ሙያ ማግኘት፣ ማዘጋጀትና መጠየቅ ነው። ስለዚህ ከዴስኩ እያነሣ ወደ ዓለም ላካት። በ1975 ከአንድ የአሜሪካ ሴናተር ጋር ኩባ ሄዳ ፊደል ካስትሮን ቃለ መጠይቅ እንዲሰጣት ጠይቃው ነበር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳትታክት ስትጎተጉተው ቆየች። በሜይ 1977 ፈቀደ። በጀልባ ወደ አሳማዎች ባሕረ ሰላጤ ወሰዳት፤ በጂፕ የሲየራ ማኤስትራን ተራሮች አወጣት፤ ከዚያ ተቀምጦ ለሰዓታት ተጠየቀ። ስለ ዴሞክራሲ፣ ስለ እስረኞች፣ ሚስት አለህ ወይ እስከሚለው ድረስ ጠየቀችው።

እውነተኛው ፈተና ግን በኖቬምበር መጣ። የግብፁ ፕሬዚዳንት አንዋር ሳዳት ወደ ኢየሩሳሌም እንደሚሄድ ዓለም ሰማ። ከ1948 ጀምሮ አራት ጊዜ ከተዋጉት ሁለት አገሮች የአንዱ መሪ በሌላው ምክር ቤት ቆሞ ሊናገር ነው። ኖቬምበር 19 ቀን የሳዳት አውሮፕላን ከግብፅ ሲነሣ ከአሜሪካ ሦስቱ ትልልቅ ጣቢያዎች አንዳንድ ሰው ይዞ ነበር። ከሲቢኤስ፣ የሀገሩ ሁሉ ታማኝ ድምፅ ዋልተር ክሮንካይት። ከኤንቢሲ ጆን ቻንስለር፤ ባርባራ በ1961 በማይታይ ጠረጴዛ ላይ ሆና ጥያቄ ትጽፍለት የነበረው ያው ሰው። ከኤቢሲ ደግሞ ራሷ ባርባራ።

ጉዞው አጭር ነው። ሦስቱም የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ ሳዳትንና የእስራኤሉን ጠቅላይ ሚኒስትር ሜናኸም ቤጊንን አንድ ላይ አስቀምጦ መጠየቅ። ይህን ከዚያ በፊት ማንም አላደረገውም። ባርባራ ሁለቱንም አስቀድማ ታውቃቸዋለች፤ ለየብቻ አነጋግራቸዋለች፤ ደብዳቤ ተጻጽፋለች። በአውሮፕላኑ ላይ ሳዳትን ጠየቀች፣ ኢየሩሳሌም ላይ ቤጊንን ጠየቀች። ቤጊን ራሱ ሳዳትን አግባብቶ እሺ አሰኘላት። ኖቬምበር 20 ቀን፣ ሁለቱ መሪዎች በእስራኤል ምክር ቤት በክኔሴት ንግግር ባደረጉበት ዕለት፣ በዚያው ሕንጻ ውስጥ ከባርባራ ዋልተርስ ጋር ተቀመጡ። የመጀመሪያውን ጥያቄ የጠየቀችው እሷ ነች። ክሮንካይት የሰማው ዘግይቶ ነው፤ ሮጦ የራሱን ቃለ መጠይቅ ሠራ፤ ሁለተኛ ሆኖ።

ከዚያ በኋላ ማንም ስለ ደመወዟ አልጠየቀም። ከሪዝነር ጋር የነበረው ጥምረት በ1978 አበቃ። በ1979 ወደ ኤቢሲው የዜና መጽሔት «20/20» ገባች፤ በ1984ም ተባባሪ አቅራቢ ሆነች፤ አጠገቧ የተቀመጠው ደግሞ ያን ጊዜ ስለ እሷ የተከራከረላት ሂው ዳውንስ ነበር። በ1997 ስልሳ ሰባት ዓመቷ ሳለ ሴቶች ብቻ የሚወያዩበትን «ዘ ቪው» ጀመረች። በ2014 ከዕለት ሥራ ተሰናበተች። ዲሴምበር 30 ቀን 2022 በ93 ዓመቷ አረፈች።

ይህን ታሪክ ለአራት ሳምንት የተረክነው ዝነኛ ሴትን ለማወደስ ብቻ አይደለም። በየቴሌቪዥን ጣቢያው ዛሬም ለሌላ ሰው ጥያቄ የሚጽፉ፣ እንግዳ የሚደውሉ፣ ፋይል የሚያደራጁ፣ ስማቸው በስክሪን ግርጌ በፍጥነት የሚያልፍ ወጣቶች አሉ። ብዙዎቹ ሥራቸውን ወደ ካሜራው የሚያደርስ መሰላል እንጂ ራሱን የቻለ ሙያ አድርገው አይቆጥሩትም፤ አለቆቻቸውም እንዲሁ። ባርባራ ዋልተርስ የምትመሰክረው ሌላ ነው። ሳዳትንና ቤጊንን አንድ ላይ ያስቀመጠው ችሎታ ስቱዲዮ ውስጥ የተገኘ አልነበረም፤ መግለጫ ስትጽፍ፣ እንግዳ ስትለምን፣ የሌላ ሰው ጥያቄ ስታዘጋጅ ባሳለፈቻቸው ዓመታት የተሠራ ነው። ወንበሩን ሰዎች ሊከለክሉ ይችላሉ፤ ለዓመታትም ከለከሏት። ዝግጅቷን ግን ማንም ሊከለክላት አልቻለም፤ ቀኑ ሲደርስ ከአውሮፕላኑ ውስጥ ከነበሩት ሦስት ጋዜጠኞች መካከል ያሸነፈችው በዚያ ዝግጅት ነው።

ተፈጸመ።